አራቱ የወረቀት ሰዎችና የየሱፍ ኮት

ወረቀቱ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ቁመቱ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት፣ ወርዱ ከስንዝር ትንሽ ይጎድላል። ለብዙ ዓመት ታጥፎ ስለኖረ መሐሉ ላይ ተሰንጥቋል፤ አንደኛው ጠርዝ የከሰል ካውያ ነክቶት ጠይሟል። ላዩ ላይ አራት ወንዶች ቆመዋል። ረጃጅም ቆብ አድርገዋል፤ ወገባቸው እንደ ተርብ የቀጠነ፣ እግራቸው ያን ቁመት እንዴት እንደሚሸከም የማይታወቅ ትንሽዬ ነው። ሦስቱ ፊታቸውን ሰጥተውናል፣ አራተኛው ጀርባውን። ከሥራቸው በደቃቅ የፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ነገር አለ፤ ዘመኑ የተጻፈበት ሊሆን የሚችለው ማዕዘን ግን ተቀዷል። የሚያውቁ ሰዎች የኮቶቹን አቆራረጥ አይተው የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የልብስ ሰፊዎች ማሳያ ሥዕል ነው ብለውኛል። ማን እንደሣለው፣ የት እንደታተመ አላውቅም። የማውቀው ሐይቅ ከተማ ውስጥ ያደረገውን ነው።

ልጅ እያለሁ እነዚህ ሰዎች የሚኖሩት በአባቴ የስፌት ቤት ግድግዳ ላይ ነበር። ቤቷ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚያልፈው መንገድ ዳር፣ አንድ በርና አንድ መስኮት ያላት፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነበረች። በሩ አጠገብ በእግር የሚረገጠው መኪና፣ ከውስጥ የመቁረጫው ጠረጴዛ፣ ከኋላ ደግሞ ደንበኛ ራሱን የሚያይበት ረጅም መስታወት። ካውያው ውሃ በተረጨ ሱፍ ላይ ሲያልፍ የሚወጣው ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ እርጥብ በግና ከሰል አንድ ላይ ይሸታል። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ሲመጣ ከጎረቤት ምግብ ቤት የዓሣ ጥብስ ይቀላቀልበታል። እኔና ጓደኞቼ ከመኪናው ሥር የወደቁትን ቁልፎች ለቅመን ቅልብልቦሽ እንጫወት ነበር። ከጠጠር ቁልፍ ይሻላል፤ እጅ ላይ አይከብድም፣ ሲወድቅም ድምፁ ያምራል።

አባቴ ተሰማ ይባላል። ክርስቲያኑም እስላሙም ጋሽ ተሰማ ነው የሚለው። ሙያውን የተማረው ደሴ፣ አንድ አርመናዊ ሽማግሌ ዘንድ ነው። ሰውየው አርጅቶ ቤቱን ሲዘጋ ለአባቴ ሁለት ነገር ሰጠው፦ አንድ ከባድ መቀስና ይህን ወረቀት። እሱም ከመምህሩ እንዳገኘው ነግሮታል አሉ። አባቴ ከመቀሱና ከወረቀቱ ሌላ ሦስተኛ ነገርም ይዞ መጥቷል፤ የሙያ ሕግ። የሙሽራ ልብስ ከሙሽራው በፊት የማንንም ትከሻ አይነካም የሚል። ሌላ ልብስ ሲያልቅ ራሱ ለብሶ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ቁልፉን ከፍቶና ዘግቶ ይፈትሸዋል። የሙሽራውን ግን አጣጥፎ ያስቀምጣል። ገድ ነው ይል ነበር፤ ከዚያ በላይ አያብራራም።

የዘወትር ሥራው የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሱሪ ጠርዝ፣ የሴቶች ቀሚስና የሽርጥ ቅምቅማት ነበር። በመስከረም ወደ ግሸን የሚሄዱ ተሳላሚዎች አውቶቡስ እስኪነሳ የተቀደደ ጋቢና ኮት ያስጠቅሙታል። አዲስ ኮት የሚያሰፋ ሰው በዓመት ሁለት ሦስት ቢመጣ ነው። ስለዚህ አራቱ ሰዎች ግድግዳው ላይ እንደ እንግዳ ነበሩ፤ የሚያስፈልጉ አይደሉም፣ ግን የሚገባ ሁሉ ያያቸዋል፣ ያየ ሁሉ አስተያየት አለው። የትምህርት ቤታችን መምህር ደራሲዎች ናቸው ብሎ ነበር። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሰርከስ ናቸው አለ። እኔ በበኩሌ ወንድማማቾች መስለውኝ ነበር፤ የሦስቱም ፊት አንድ ነው፣ የሦስቱም ጉንጭ እኩል ቀልቷል። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነበር። ለምን አይተያዩም? ጥላቸው የት ሄደ? የአንደኛው ኮት አረንጓዴ ቀለም ከመስመሩ አልፎ ወደ ነጩ ወረቀት ፈሷል፤ ይህን ያበላሸው ማነው? ሰው ተቆጥቶት ይሆን? የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ዘርግቼ እነሱን መቅዳት ሥራዬ ሆነ። አባቴ የእጄን ቀጥተኛነት ሲያይ መስመር አስይዞ፣ በሜትር አስለክቶ፣ ትንሹን ሥዕል ወደ ትልቅ ማሳደግን አስተማረኝ።

ከሁሉ የማስታውሰው የሼህ መሐመድን አስተያየት ነው። ሼህ መሐመድ አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ፤ ጀለቢያ ሊያሳጥሩ በመጡ ቁጥር እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሥዕሉን ይመረምራሉ። አንድ ቀን ዞር ብለው አባቴን እነዚህ ሰዎች ሲያሳድጓቸው መካሪ አልነበራቸውም ወይ ብለው ጠየቁት። አባቴ ምነው ሲላቸው ጣታቸውን ዘረጉ። አንደኛው ለሰላምታ ቆቡን የሚያነሳው በግራው ነው። ሁለተኛው ከዘራውን በግራው ይዟል። ሦስተኛው ከትንሽ ዕቃ ሱረት የሚመስል ነገር የሚቆነጥረው በግራው ነው። «ሦስት ሰው ባንድ ቦታ፣ ሦስቱም በግራው» አሉ ሼህ መሐመድ፤ «የጀርባውን ሰውዬ እንኳ አላምነውም፣ እጁን የደበቀው ለዚህ ነው።» ቤቱ በሳቅ ሞላ። አባቴ ከመኪናው ቀና ሳይል የአገራቸው ወግ ይሆናል አለ።

የሼህ መሐመድ ልጅ የሱፍ ነው ታሪኩን ያመጣው። የሱፍ ከአምባሰል ወገን የሆነች ዘምዘም የምትባል ልጅ ለማግባት ሽማግሌ ልኮ ነበር። አጎቶቿ የሚለብሰው የሌለው ሰው ምን ሊያለብሳት ነው ብለው መለሱት። እናቱን በልጅነቱ ስላጣ ያሳደገችው አክስቱ እትዬ ዘይነባ ገበያ ላይ የሴት ልብስ ትሸጥ ነበር፤ እሷ ያላትን አሟጣ፣ የጎረቤት ኮት ተውሳ አልብሳ ወደ ጅዳ ሸኘችው። አራት ዓመት ሾፌር ሆኖ ሠርቶ ተመለሰ። ሁለተኛ ጊዜ ሽማግሌ ሲልክ አጎቶቿ እምቢ ማለት አልቻሉም፤ ንግግራቸውን ግን አልረሱትም፣ እሱም አልረሳውም።

ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንድ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ጨርቅ ታቅፎ ወደ ስፌት ቤቱ መጣ። ከጅዳ ይዞት የመጣ ጨርቅ ነው። አባቴ በጣቱ አሻሸው፣ ወደ ብርሃን ዘረጋው፣ ለካው። ለአንድ ረጅም ኮት ይበቃል፣ ከዚያ ለኪስ ክዳን እንኳ አይተርፍም። ምን ዓይነት ኮት እንደሚፈልግ ሲጠይቀው የሱፍ ግድግዳው ላይ ያለውን፣ ቆቡን የሚያነሳውን ሰውዬ አሳየው። በእኛ በተሁለደሬም በእነሱ በአምባሰልም ማንም ለብሶት የማያውቀውን ነው የምፈልገው አለ። አባቴ ያ ልብስ የድሮ መሆኑን፣ ወገቡም ለሰው ልጅ የተሠራ አለመምሰሉን ነገረው። የሱፍ ፍንክች አላለም።

«ወገቡን ለኔ አድርገው ጋሽ ተሰማ። ሌላው ግን ልክ እንደ ሥዕሉ ይሁን። አንዲት ነገር እንዳትቀይርብኝ።»

«አንዲት ነገር አልቀይርም» አለ አባቴ።

ቃል ሰጠ ማለት ነው። አባቴ ቃል ከሰጠ በኋላ ማሻሻል አያውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራዬ ያን ሰውዬ በሲሚንቶ ወረቀት ላይ በየሱፍ ልክ ማሳደግ ሆነ። የኮሌታውን ጥምዝ፣ የጅራቱን መከፈል፣ የእጅጌውን እብጠት መስመር በመስመር አወጣሁት። የጀርባውን ስፌት ከአራተኛው ሰውዬ ወሰድን፤ ያ ጀርባውን የሰጠ ሰው ለካ ሰፊ እንዲያየው ነው የቆመው። ይህን ሲረዳ አባቴ እንደ ልጅ ደስ አለው። ወረቀቱ ለመልክ የተሠራ ጌጥ ሳይሆን ሩቅ ላለ ሰፊ የተላከ መልእክት መሆኑን ያን ጊዜ ነው የተረዳነው።

ችግሩ የመጣው በመጨረሻ፣ በቁልፍ ላይ ነው። ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ በወንድ ኮት የግራው ክንፍ ከላይ ይደረባል፣ ቁልፎቹ በቀኙ ላይ ይተከላሉ። በሴት ልብስ ግልባጩ ነው። ጥሩ ጨርቅ ላይ የቁልፍ ቀዳዳ አንዴ ከተቆረጠ መመለሻ የለውም። አባቴ ጠመኔውን ይዞ ጨርቁ ላይ አጎንብሶ ብዙ ቆየ። ከዚያ ጠራኝ።

«ሙሉ፣ ሥዕሉ ላይ የትኛው ነው ከላይ?»

ወንበር ላይ ወጥቼ አፍንጫዬን ወረቀቱ ላይ ለጥፌ አየሁ። «የቀኙ ነው አባ። የሦስቱም የቀኙ ነው።»

«እንዲህ የሚሆነው የሴት አይደለም እንዴ?»

«የሱፍ ልክ እንደ ሥዕሉ ነው ያለው» አልኩት። አሥር ዓመቴ ነበር። ትክክል በመሆኔ ኮርቼ ነበር።

አባቴ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ የአገራቸው ወግ ይሆናል አለና መቀሱን አነሳ።

የሱፍ ኮቱን ሊወስድ የመጣው ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው። ሠርጉ እሑድ ነው። አዲስ ስለሆነ ይሆን ሌላ፣ ሲቆልፈው ጣቱ ተደነባበረበት፤ አባቴ ፊት ለፊቱ ቆሞ እሱ ቆለፈለት። ለአባቴ እጅ ግን ከፊት ለፊት ገር ነበር። ከዚያ ወደ መስታወቱ አዞረው። ዛሬ ሳስበው የሚገርመኝ ይህ ነው፤ መስታወት ቀኝን ግራ ያደርጋል። ስለዚህ ሁለቱም መስታወቱ ውስጥ ያዩት ቁልፉ በትክክለኛው ጎን ያለ ወንድ ነበር። ኮቱ ትከሻው ላይ እንደ ውሃ ወርዷል፣ ወገቡን ይዞታል፣ ጅራቱ ሲራመድ ይወዛወዛል። የሱፍ ራሱን ደጋግሞ አየ። «ወላሂ አላውቀውም ይሄን ሰውዬ» አለ በመጨረሻ። አባቴ ሲስቅ ጥርሱን ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

የሱፍ እንደለበሰ ወጣ። እኛ ልጆች ተከተልነው። በገበያው መሐል ሲያልፍ ሽንኩርት የምትመዝን እጇን አቆመች፤ ባጭሩ መላው ሐይቅ ከተማ ቆሞ አየው። አክስቱ እትዬ ዘይነባ ቀሚሶቿን በሰቀለችበት ገመድ ሥር ተቀምጣ ነበር። ተነሳች፣ ማሻአላህ አለች፣ በእጇ ፊቱን ያዘች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ደረቱ ወረደ። ሕይወቷን ሙሉ ለሴት ልብስ ስትቆልፍና ስትፈታ የኖረች ናት።

«የሱፍዬ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይሄ የተቆለፈው በሴት ወገን ነው።»

የሱፍ ወደ ታች አየ። ፊት ለፊቱ አንድ ወጣት ሸሚዝ ለብሶ ቆሞ ነበር፤ የዚያን ቁልፍ አየ፣ የራሱን አየ።  ኮቱን አውልቆ፣ ገበሩን ወደ ውጭ አጥፎ ብብቱ ሥር አድርጎ ሄደ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። የዘምዘም አጎቶች እሑድ ምን እንደሚሉ ለመገመት አሥር ዓመት በቂ ነበር።

ለአባቴ የነገርኩት እኔ ነኝ። ሰማኝ። ተነስቶ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የራሱ ኮት አጠገብ ቆመ፤ እኔ የማውቀው ብቸኛ ኮቱ ነው፣ ራሱ የሰፋው፣ ክርኑ የተጣፈ። ለበሰው፣ ቆለፈው፣ ፈታው፣ እንደገና ቆለፈው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ተመለከተ። አልጮኸም፣ እኔንም አልተቆጣም። ጨርቅ ከየት እንደሚመጣ አሰበ፤ ደሴ ቢሄድ እንኳ ያን መሰል ሱፍ አያገኝም፣ ቢያገኝም በአንድ ቀን ኮት አይሰፋም።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ወደ አርዲቦ ሄድን። እሱ ከፊት፣ እኔ የእሱን ኮት ታቅፌ ከኋላ። ለምን ኮቱን እንዳስያዘኝ አልነገረኝም። ሼህ መሐመድ ግቢ ስንደርስ ዳስ እየተተከለ ነው፣ ዘመድ ሞልቷል፣ ሽማግሌዎች በሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ ዘይነባ ከሴቶቹ መሐል አየችን። አባቴን ግባ፣ ተቀመጥ አሉት። አልተቀመጠም። በሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረ። ኮቱ በሴት ወገን መቆለፉን፣ ይህንንም ሲቆርጥ ጥርጣሬ እንደገባው፣ ጥርጣሬውን ትቶ ወረቀቱን እንዳመነ። የሱፍ ምንም ጥፋት የለበትም፣ ሙያው የኔ ነው አለ። ስለ እኔ አንዲት ቃል አላነሳም። ከዚያ ኮቱን ከእጄ ተቀብሎ ዘረጋው። አሮጌ ነው፣ ግን በወንድ ነው የሚቆለፈው፣ ነገ ልጁ ይህን ይልበስ አለ።

 ሼህ መሐመድ ጢማቸውን ዳበሱ። «ጋሽ ተሰማ፣ ልብሱ ተቀዷል?»

«አልተቀደደም።»

«ጠቦታል?»

«አልጠበበውም።»

«ገላውን ይሸፍናል?»

«ይሸፍናል።»

«እንግዲያ ሐራም አይደለም። የቀረው የልጁ ነው።»

ሁሉም ወደ የሱፍ ዞረ። የሱፍ ከዳሱ ምሰሶ ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ ዓይኑ እንቅልፍ እንዳላገኘ ያስታውቃል። አባቴ የዘረጋውን ኮት ክርን፣ መጣፊያውን፣ በእጁ ነካው። የዘምዘም አጎቶች ስለ እሱ ምን እንዳሉ እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል።

«ጋሽ ተሰማ» አለ፣ «ስሄድ በሰው ኮት ነው የሄድኩት። ስመጣ በራሴ ልምጣ።»

እሑድ እኔም ከሠርገኛው ጋር ነበርኩ። ሙሽራው ያን ጥቁር ሰማያዊ ኮት ለብሶ ወደ ዘምዘም ቤት ደጃፍ ሲደርስ የሙሽሪት ወገኖች በር ይዘው ቆመዋል። መጀመሪያ አፍጥጠው አዩት፤ እንዲህ ያለ ልብስ አይተው አያውቁም። ቀጥሎ አንዲት ኮረዳ፣ የአንዱ አጎት ልጅ ናት አሉ፣ የቁልፉን ነገር አየችው። ከበሮውን ተቀብላ ጀመረች፦

«የናንተ ሙሽራ ጅዳ ደርሶ መጣ፣
ቀኝና ግራውን መለየቱን አጣ።»

ደጃፉ በሳቅ ተናወጠ። የሱፍ ፊቱ አልተለወጠም፤ እጁ ግን የኮቱን ጠርዝ ሲጨብጥ አየሁት። ከፊቴ የቆመው አባቴ አንገቱን ሰበረ። እሷ ሁለቴ ደገመችው። ሦስተኛው ላይ እትዬ ዘይነባ ሰውን በክንዷ ገፍታ ወደ ፊት ወጣች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ለአፍታ እንኳ ሳታስብ መለሰችላት፦

«አልጠፋውም ቀኙ፣ አልጠፋውም ግራ፣
ፊት ለፊቱ ቆማ እንድትፈታው ሙሽራ።»

 ነገሩ ሲገባቸው እልልታው ከሁለቱም ወገን አንድ ላይ ፈነዳ። በር የያዙት አጎት ራሳቸው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ሲስቁ አይቻለሁ፤ በሩንም የከፈቱት እሳቸው ናቸው። የሱፍ በራሱ ኮት ገባ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በሚቀጥለው የሠርግ ወራት ሦስት ወጣቶች እየተከታተሉ መጥተው እንደ የሱፍ የሚቆለፍ ኮት ስፋልን አሉ። የጅዳ ቁልፍ ይሉት ጀመር። አባቴ ለእያንዳንዱ ያ የጅዳ አይደለም፣ የኔ ስህተት ነው ብሎ አስረዳ። አላመኑትም፤ ምሥጢሩን የደበቀ መሰላቸው። በወንድ ካልሆነ አልሰፋም ሲላቸው ማዶ ካለው ሰፊ ዘንድ ሄዱ። ለአንድ ሁለት ዓመት ሐይቅ ውስጥ በሴት ወገን የሚቆለፍ ኮት የለበሱ ጎረምሶች ነበሩ። አባቴ ከበሩ ላይ ሆኖ ሲያልፉ እያየ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ወረቀቱን ከግድግዳው ያወረደው ያን ጊዜ ነው፤ አጥፎ ከክር ሳጥኑ ሥር አስቀመጠው።

ለረጅም ጊዜ ሥዕሉ ለምን እንደዚያ እንደሆነ አላወቅኩም። በቅርቡ አዲስ አበባ ውስጥ ለሥራ የሄድኩበት የድሮ ሕትመቶች ትርኢት ላይ አንዲት የሕትመት ጥበብ መምህር መዳብ ላይ እንዴት እንደሚቀረጽ ሲያሳዩ አየሁ። መዳቡ ላይ በቀኝ የተቀረጸው ወረቀቱ ላይ በግራ ይወጣል። ጥንቁቅ ቀራጭ መጀመሪያውኑ ገልብጦ ይቀርጻል። የሌላውን ሰው ሥዕል ቶሎ ቀድቶ ለመሸጥ የቸኮለው ግን እንዳየው ይቀርጸውና ሰዎቹ ተገልብጠው ይወጣሉ፤ በዚያ ዘመን የልብስ ሥዕል ከአገር አገር እንዲህ እየተቀዳ ብዙ ተሽጧል አሉኝ። ፊደሉስ ለምን ቀና ሆነ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ፊደል ቢገለበጥ ሁሉም ያውቃል፣ ስለዚህ ይጠነቀቁለታል። ቁልፍን ማን ያያል?» አሉ። ቀለሙን በእጅ የሚቀቡት ብዙ ጊዜ ሴቶችና ልጃገረዶች እንደነበሩም ነገሩኝ፤ ጠረጴዛ ዙሪያ ተደርድረው አንዷ ቀዩን፣ ሌላዋ አረንጓዴውን እየቀቡ ያሳልፉታል።

ባለፈው ወር ደሴ ሥራ ነበረኝና ሐይቅ ወረድኩ። አባቴ አርጅቷል፤ ዓይኑ ደክሟል፣ ስፌት ከተወ ቆይቷል። ቤቷ አሁን የሞባይል መሸጫ ናት። ደጅ ከፀሐይ ላይ ተቀምጠን ያገኘሁትን ሁሉ በቅደም ተከተል፣ ዘገባ እንደማቀርብ አድርጌ ነገርኩት። ሼህ መሐመድ፣ አላህ ይማራቸውና፣ ሰዎቹ ሁሉም በግራቸው መሆናቸውን ሲያዩ እውነቱን ነክተውት እንደነበር። ጥፋቱ የማናውቀው የአንድ ችኩል ቀራጭ እንደሆነ። አባቴ አላቋረጠኝም። ስጨርስ ገብቶ ወረቀቱን ከክር ሳጥኑ አውጥቶ ሰጠኝ፤ እኔ ከእንግዲህ አላየውም አለ።

«ቀራጩ ሰውዬስ የሰውን ሥዕል ነው የገለበጠው» አለ ቀጥሎ። «የየሱፍን ጨርቅ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ ነው በአንደበቴ ወጥቶ የማያውቀውን ያወጣሁት። ልክ እንደ ሥዕሉ ነው ያለው ያልኩህ እኮ እኔ ነኝ አልኩት። እኔ ባልናገር ኖሮ አትቆርጠውም ነበር።

በደከመ ዓይኑ ፈልጎ አየኝ። ያን ነገር ይህን ያህል ዓመት ይዤው መኖሬ የገረመው ይመስለኛል።

«አንቺማ የጠየቅኩሽን ነው የነገርሽኝ። የትኛው ነው ከላይ አልኩሽ፣ አየሽ፣ ነገርሽኝ። ልክ ነበርሽ። ያልጠየቅኩሽን ማሰብ የኔ ሥራ ነበር።»

 ከዚያ ስለ ዘንድሮው ዝናብ አወራን።

በእኔ ሙያ፣ በጋዜጣ ሥራ፣ ዛሬ ስህተት ስንሠራ በማግስቱ ከገጹ ግርጌ በትንሽ ፊደል እርማት እናወጣለን። ማንም ቤት አንሄድም፤ ስህተቱ የነካው ሰው እርማቱን ያንብበው አያንብበው አናውቅም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ሲያሸልብ ወደ አርዲቦ ሄድኩ። አሁን ባጃጅ አለ፤ እኔ ግን አባቴ ለእርማት የሄደበትን መንገድ በእግሬ ሄድኩት፣ ሰዓቴን እያየሁ። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ፣ ሁለት ጊዜም ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አረፍኩ። በዚያ የቅዳሜ ጠዋት አባቴ አንዴም አላረፈም።